የታቀፈች ዶሮ ከአልጋ ሥር ትውጣ

ዶሮ ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። በትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለው ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ዘመን የሚመደቡ ናቸው፤ በአፍሪካ ምድር ከተገኙትም እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ይቈጠራሉ። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር የኖረች ፍጥረት ከቤተ ሰብ ብትቈጠር የሚያስገርም አይሆንም። የጤና መኰንን የሆንነውን ሰዎች የሚያሳስበን በቤተ ሰቡ ውስጥ ያገኘችው መኝታ ነው።

አንባቢዎቻችን ሁኔታውን ሳያውቁት አይቀሩም። ዶሮዪቱ ዕንቁላሏን ጥላ ስትጨርስና የመታቀፍ ጠባይ ሲይዛት፥ የቤት እመቤቲቱ በስባሪ ማድጋ ወይም በአሮጌ ቅርጫት ጭድ ጐዝጕዛ፥ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ትመርጥና ከአልጋ ሥር ወይም ከበር ኋላ ባለው ጨለም ያለ ማዕዘን ታስታቅፋታለች። በዚያም 21 ቀን ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው፥ ቀን በግቢ፥ ሌሊት በቤት ውስጥ ከእናታቸው ጋር ስምንት ሳምንት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፥ ይሰነብታሉ። በዚያው ወለል ላይ ደግሞ ገና በመዳህ ላይ ያለ ሕፃን ይኖራል። ሕፃኑ እጁን ወደ መሬት፥ ቀጥሎም ወደ አፉ ያደርጋል፤ ጫጩቱ የጫረበትን አፈር፥ የወደቀውን ፍርፋሪ፥ አልፎ አልፎም ኩሱን ራሱን ያነሣል። እናቲቱ በወጥ ሥራ ላይ ስለምትሆን ይህን ሁሉ ልታይ አትችልም።

በሥራችን ምክንያት ከጐበኘናቸው ቤቶች በአንደኛው፥ የልጅ ልጃቸው ተቅማጥ የደጋገመበት አንዲት አሮጊት ይህንኑ ስንነግራቸው በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ነገር ግን ዶሮዬን ከነጫጩቶቿ ደጅ አሳድሬ ሸለምጥማጥ ቢፈጃቸው ማን ይተካልኛል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ዶሮን ከቤት አስወጡ እያሉ መስበክ ቀላል ነው፤ ከቤት ወጥታ የምታድርበትን ሳያሳዩ የሚሰጥ ምክር ግን በባዶ ማሰሮ ወጥ እንደ መሥራት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጉዳቱን ምክንያት ካመለከትን በኋላ፥ ለእማማ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን አሠራር እንገልጻለን።

በዶሮ አንጀት ውስጥ ካምፒሎባክተር የሚባል፥ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ይኖራል። ዶሮዪቱን አይጐዳትም፤ ትበላለች፥ ትወፍራለች፥ ዕንቁላልም ትጥላለች። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ኩስ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ተሕዋሱ ወደ ሕፃን ሆድ ሲገባ ግን ትኵሳትና ተቅማጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል። ሳልሞኔላ የሚባለውም እንዲሁ በዶሮ ኩስ ይተላለፋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተቅማጥ ሳይታይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሕፃኑ እነዚህን ተሕዋስያን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲውጥ፥ ምግብ የሚመጠጥበት የትንሹ አንጀት ገጽታ ይቈስላል፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጕር ብሎ የነበረው ሽፋን እየተላጨ ይሄዳል። በዚህም ጊዜ የሚበላው ምግብ ሰውነቱን አይገነባውም። እናቲቱ «ልጄ ይበላል፥ ግን አያድግም» የምትለው አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ በሐራማያ ወረዳ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ጥቂት ያለፈ ሕፃናት ሰገራ ሲመረመር፥ ግማሽ ከሚያህሉት ላይ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል። በኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ መረጃን መርምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለመምህራን በተለይ የሚጠቅም ነገር አሳይቷል፤ ይኸውም ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመታቸው ዶሮ ከሌላቸው የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፥ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ስፍራ ግን ልጆቹ በቁመታቸው ዝቅ ብለው መገኘታቸው ነው። እንግዲህ ዶሮ ማርባት ይቅር የሚል ሰው በእኛ በኩል ደጋፊ አያገኝም። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሕፃን በደንብ የበሰለ ዕንቁላልን ያህል በቀላሉ የሚገኝ ገንቢ ምግብ ጥቂት ነው። ዕንቁላሉ ለልጁ፥ ኩሱ ለአትክልቱ፥ ማደሪያዋ ለብቻው ይሁን ነው የምንለው።

አሁን ወደ ታቃፊዪቱ እንመለስ። ዶሮ ለምን እንደምትታቀፍ ማወቅ ለአያያዟ ይረዳል፤ ለሳይንስ መምህርም ጥሩ የትምህርት ርእስ ነው። ዶሮ ዕንቁላል ስትጥል ከሰነበተች በኋላ፥ ከአንጐሏ ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ቅመም በብዛት ወደ ደሟ ይፈስሳል። ይህ ቅመም በሴት ልጅ ሰውነት ውስጥ የእናት ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ያው ራሱ ነው። ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ ሲሆን፥ ሊቃውንቱ ያጠኑት በእርግብ ላይ ነበር፤ እርግብ ለጫጩቶቿ ከጕሮሮዋ የምታወጣውን ወተት መሰል ምግብ የሚያስገኘው ይህ ቅመም ነውና። ዶሮ ወተት ባይኖራትም፥ ይኸው ቅመም ዕንቁላል መጣሏን አስትቶ ከጎጆዋ ያስቀምጣታል። የሆዷ ላባ ይሳሳል፤ ሙቀቷም ያለ ከልካይ ለዕንቁላሉ ይደርሳል። ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቈጣለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ ትበላለች፥ ትጠጣለች፥ ብዙና እጅግ የሚከረፋ ኩስ ጥላም ትመለሳለች። ይህን ኩስ በቤት ወለል ላይ የምትጥለው ከሆነ ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ ብለናል።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፥ ብዙ ሺህ ዕንቁላል ያለ እናት በመኪና ሲፈለፈል ተመልክተናል። በዚያ ያሉት ዶሮዎች፥ ነጭ ሌግሆርንን የመሳሰሉት፥ ለብዙ ትውልድ ዕንቁላል ብቻ እንዲጥሉ ተመርጠው የተዳቀሉ ስለ ሆኑ መታቀፍን ከሞላ ጐደል ረስተውታል። የአገራችን ዶሮ ግን አልረሳችም። በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን ዕንቁላል ብቻ መጣሏ ያስነቅፋታል፤ ነገር ግን የቀረውን ጊዜዋን የምታሳልፈው የፈረንጅ አገር ሰው በመብራት ኀይልና በመኪና የሚሠራውን ሥራ በገዛ አካሏ በመሥራት ነው። የፈረንጅ ዶሮ የሚያረቡ ጎረቤቶች ዕንቁላላቸውን በአበሻዪቱ ዶሮ ሲያስታቅፉ ማየታችን ለችሎታዋ በቂ ምስክር ነው።

ለማስታቀፍ የሚመረጠው ዕንቁላል አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፥ መካከለኛ መጠን ያለው፥ ስንጥቅ የሌለበትና ከተጣለ ከሳምንት ብዙ ያላለፈው ይሁን። እስኪታቀፍ ድረስ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ፥ ምድጃና ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ማቈየት ይገባል። ደኅና መሆኑን ለማወቅ ወደ ጆሮ አስጠግቶ መነቅነቅ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ በውስጡ ያለውን ስለሚጐዳ ቢቀር ይሻላል። ኩስ የተለጠፈበትን ዕንቁላል አጥቦ ማስታቀፍም አይገባም። የዕንቁላል ቅርፊት ብዙ ሺህ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዶሮዪቱ ስትጥለው እነዚህን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ስስ ልባስ ታለብሰዋለች። ውሃ ይህን ልባስ ካነሣው፥ ቆሻሻው ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ዕንቁላሉ በዶሮዪቱ ሙቀት ይበሰብስና በጎጆው ውስጥ ፈንድቶ ደኅናዎቹን ያበላሻል። ስለዚህ የቈሸሸው ለማስታቀፍ አይመረጥም፤ ይኸው ነው።

ጎጆው ሲዘጋጅ ከሥር ጥቂት ደረቅ አፈር፥ በላዩ ንጹሕ ጭድ፥ በጭዱም መካከል የተነፋ ዐመድ ቢጨመር የዶሮ ቅማልና ቁንጫ ይቀንሳል። ተባይ የወረራት ዶሮ ደሟ እየተመጠጠ ትከሳለች፤ አንዳንዴም ከ21 ቀኑ በፊት ዕንቁላሏን ጥላ ትነሣለች። በአቅራቢያዋ ውሃና እህል ይቀመጥላት። ጎጆዋን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር የሚያስፈልግ ከሆነ በሌሊት፥ በጨለማ፥ ቀስ ብሎ ይደረግ፤ ቀን ያዛወሯት ታቃፊ አዲሱን ስፍራ እምቢ ብላ ወደ ቀድሞው ማዕዘን ትመለሳለች። ከአልጋ ሥር የለመደችውን ወደ ውጭ ለማውጣትም መንገዱ ይኸው ነው።

በሰባተኛው ሌሊት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሊያሳዩአቸው የሚገባ ነገር አለ። ወፍራም ወረቀት እንደ ቧንቧ ይጠቀለልና ዕንቁላሉ በአንደኛው ጫፍ ተይዞ በሌላው በኩል የእጅ ባትሪ ይበራበታል። ሕይወት ያለበት ዕንቁላል በውስጡ ጥቁር ነጥብና ከእርሱ የሚዘረጉ፥ የሸረሪት እግር የሚመስሉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል። ብርሃኑ በጠቅላላው ወለል ብሎ ከታየ ግን ጫጩት የለውም። እንዲህ ያለውን ዕንቁላል ባልቴቶች ለወጥ ይመልሱታል፤ ሰባት ቀን በዶሮ ሙቀት፥ ማለት ከ37 እስከ 38 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት የሰነበተ ዕንቁላል ለተሕዋስያን ምቹ ማደጊያ ስለ ሆነ እኛ እንዲቀበር እንመክራለን። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ታቅፈው ከሆነ፥ የቀሩትን ደኅና ዕንቁላሎች ወደ አንዲቱ አሰባስቦ ሌላዪቱን ነጻ ማውጣት ይቻላል።

ዕንቁላሎቹ በተለያየ ቀን የተጣሉ ሆነው ሳለ ሁሉም በአንድነት የሚፈለፈሉት ለምንድን ነው? የጽንሱ ዕድገት የሚጀመረው ዶሮዪቱ ስትቀመጥበት ስለ ሆነ ነው፤ ቀድሞ የተጣለው ተኝቶ ይጠብቃል። ወደ መጨረሻው ቀን ጫጩቶቹ ገና በቅርፊቱ ውስጥ ሳሉ ጭው ጭው ይላሉ፤ እናቲቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ጫጩቱ በአፉ ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ መሰል ነገር ቅርፊቱን ይሰብራል፤ እርሷም በኋላ ትወድቃለች። በዚህ ጊዜ ሰው እጁን አያግባ። ቅርፊቱን ልርዳው ብሎ የሚያነሣ ሰው ገና ያልደረቀውን የደም ሥር በጥሶ ጫጩቱን ሊገድል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ስላልበሉ ይሞታሉ ብሎ መቸኰልም አያስፈልግም፤ ከመፈልፈላቸው በፊት ወደ ሆዳቸው የሳቡት አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያቈያቸዋል፤ እናቲቱም የቀሩት እስኪወጡ የምትታገሠው ለዚህ ነው።

ከተፈለፈሉ በኋላ ያለው ዘመን እጅግ የከፋው ነው። በአገራችን በልዩ ልዩ ስፍራ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፥ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ የሚያህሉት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጭልፊት፥ ድመት፥ ብርድና በሽታ ይሻሟቸዋል። ባልቴቶች በክረምት ማስታቀፍን የሚጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረጥቦ የሰነበተ ጭድ ብርድ ከማስከተሉም በላይ ኮክሲዲያ የሚባለውን፥ ደም የተቀላቀለበት ቅዘን አምጥቶ ጫጩቶችን በአንድ ሳምንት የሚጨርሰውን በሽታ ያራባል። ከመስከረም በኋላ በጋው ሲገባ የታቀፈች ዶሮ ጫጩቶቿን የማሳደግ ተስፋዋ ይበልጣል። ለጫጩቶቹ ውሃ በጥልቅ ዕቃ ከተሰጠ ሰጥመው ይሞታሉ፤ ጠጠር የተደረገበት ዝርግ ሳሕን ይበቃል። ሳሕኑ ግን ሰው የሚበላበት ሆኖ ማታ ታጥቦ ወደ መደርደሪያ የሚመለስ እንዳይሆን አደራ እንላለን። ለምግባቸው የተሰነጠቀ በቆሎ ወይም ጤፍ ብቻውን አያሳድጋቸውም፤ የኑግ ፋጉሎ ተፈጭቶ ቢቀላቀልበት፥ ምስጥ በሚገኝበት አገርም ምስጥ ቢጨመርላቸው በቶሎ ላባ ያወጣሉ። ቀን ቀን እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር በተደፋ ሰፊ ቅርጫት ሥር ለጥቂት ሰዓት ማዋል ከጭልፊትም ያድናል፥ ወደ ማድ ቤት እንዳይገቡም ይከለክላል።

እንግዲህ የእማማን ጥያቄ እንመልስ። ሸለምጥማጥን የሚከለክል የዶሮ ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው እንጨት፥ ጥቂት ሚስማር፥ ከተገኘም ወንፊት ሽቦ ነው። ቤቱ ከመሬት እስከ ሰው ጉልበት ወይም ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቆም፤ ነፋስ በማይመታው በኩል ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ቢጠጋ መልካም ነው፤ ባለቤቶቹ ሌሊት ድምፅ ይሰማሉ። ወለሉ ለትልልቆቹ ዶሮዎች የእንጨት ርብራብ ሆኖ ኩሱ ወደ ታች ይውደቅ፤ በላዩ ላይ የሚያርፉበት ቆጥ ይደረግላቸው። ለታቃፊዪቱና ለጫጩቶቹ ግን በርብራቡ መካከል እግራቸው ስለሚያዝ በአንዱ ጐን ወለሉ የተደፈነ፥ ጭድ የተጐዘጐዘበት፥ ጨለም ያለ ክፍል ይለይላቸው። ሽቦው የድመት እጅ የማያሳልፍ፥ በሩ ከውጭ በመወርወሪያ የሚዘጋ ይሁን። በውስጥ በቀላሉ የሚገፋ በር ለሸለምጥማጥ እንደ ተከፈተ ይቈጠራል። ከሥር የተከማቸው ኩስ በየሳምንቱ ተጠርጎ በጓሮው ጥግ በጕድጓድ ተከማችቶ ይብሰል፤ ከዚያ ለጐመን መደብ ይሆናል። ይህን የሚሠራው ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አይያዝ፥ ሊጥም አይንካ። ልጆችም ጫጩት ካቀፉ በኋላ እንዲሁ ያድርጉ፤ ጫጩትን ከጕንጭ ማስጠጋትና መሳም እንዲቀር በትምህርት ቤት መነገር አለበት። አሮጊቲቱ ቤት ውስጥ፥ የልጃቸው ባል በአንድ ቅዳሜ ይህን ቤት ሠርቶ ዶሮዋ በሌሊት ተዛውራለች፤ ዘጠኝ ጫጩት አውጥታ ስድስቱን አሳድጋለች። ሕፃኑ የሚድህበት ሰሌንም በቤቱ ውስጥ ለብቻው ተነጥፏል።

ማስታቀፍ ሳይፈለግ የምትታቀፈውን ዶሮ ለማስተው ቁልቁል መስቀል፥ በውሃ መንከርና ላባ በአፍንጫዋ ማስገባት የቈየ ልማድ ነው። ይህ ጭካኔ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ወደ ጎረቤት ወስዶ ለጥቂት ቀን ማሳደርም የጎረቤትን በሽታ ይዛ እንድትመለስ ያደርጋል። ሆዷ እንዳይሞቅ ከሥሩ ነፋስ በሚያሳልፍ የርብራብ ሣጥን ውስጥ፥ ብርሃን ባለበት ስፍራ፥ ያለ ጭድ፥ ከውሃና ከምግብ ጋር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብትቈይ የመታቀፍ ጠባይዋ ይለቃታል።

የቀረው የፈንግል ነገር ነው። ፈንግል በአንድ ሳምንት የሰፈርን ዶሮ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል፤ ከያዘ በኋላም መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መከተብ ብቻ ያድናል። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፥ በፈረንጆች በ1964 የተቋቋመው፥ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ያዘጋጃል። አሰጣጡም በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ ነው፤ እናቲቱም ጫጩቶቿም በአንድ ቀን ሊከተቡ ይችላሉ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። የሚከተቡት ጤነኞቹ ብቻ ናቸው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን ከተከፈተ በኋላ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት፥ አምስት ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ለብቻው ቢገዛ አብዛኛው ይደፋል። በአንድ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው፥ በአንድ ጠዋት፥ ዶሮዎቹ ከማደሪያቸው ሳይለቀቁ ቤት ለቤት ቢዞሩበት ይሻላል፤ በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ለዚህ ሥራ ይጠራል።